ያልተዘጋው ኩሽና

«እኔ የማስደፍነው መስኮት ነው እንጂ ያንቺን ዓይን አይደለም፣ እትዬ! ምን ያስጮህሻል?»

ማኔጀሩ ነው እንዲህ ያለው። አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ያዙና እያንዳንዷን ቃል እንደ ማስቲካ እየጎተታችሁ በሉት፤ ቁርጥ እሱን ትሆናላችሁ። «እት-ዬ-ዬ! ግንበኛው ጠዋት መጥቶ ለክ-ቷል። ከምሳ በኋላ ይጀ-ም-ራል። አለቀ፣ ደቀቀ!» አንገቱን ደግሞ ቀጥ አድርጎ ነው፤ ያጎነበሰ እንደሆነ ሽቶው የሚፈስበት ይመስል።

«ደቀቀ?» አለች እሷ፣ ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ። «ስማ፣ አንተ ልጅ። እኔ እዚህ መስኮት ላይ መቆም ስጀምር አጎትህ ያንን የሚያክል ሆዱን ገና አላወጣውም ነበር። ቤቱንም ሲገዛ ከነመስኮቱና ከነእኔ ነው የገዛው።»

«ከነአይጡም ነው የገዛው! አይጡን ግን አስወጣነው።»

አስተናጋጆቹ ሳቃቸውን በትሪ ሸፈኑ። እሷን ግን ያቺ «አይጥ» የምትል ቃል እንደ አሳ እሾህ ወጋቻት።

«ለመሆኑ ከመስኮቱ ጀርባ ምን አለ?» ማኔጀሩ አልበቃውም። «የተሰበረ ወንበር! ኩሽናው ወደ ጓሮ ከዞረ ስንት ጊዜው ነው? ለተሰበረ ወንበር ነው ምሳ የምታዢው?»

እውነቱን ነው፣ መቼስ ሽቶ የተቀባ ሰው ሁልጊዜ አይዋሽም። ከመስኮቱ ጀርባ የድሮው ኩሽና ነበር፤ ምድጃው ተነቅሎ፣ መብራቱ ተቆርጦ፣ እግር ያጣ ወንበርና ቀለሙ የለቀቀ ማስታወቂያ ተከምሮበት። አዲሱ ኩሽና ጓሮ ነው። አስተናጋጁ ስልክ የምታክል ነገር ላይ ጣቱን ጣል ሲያደርግ እዚያ ያለው ማሽን ወረቀት ይተፋል፤ ሼፉ ወረቀቷን ያነባል፤ ማንም ከማንም ጋር አይነጋገርም። ሰላም የሰፈነበት ቤት፣ እንደ መቃብር።

እትዬ መስኮት የሚሏት ዕድሜዋን እዚያች መስኮት ላይ ስለቆመች ነው። የወጣላትን ስም ከእናቷና ከቀበሌ መዝገብ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የመስኮት ሥራ ምን መሰላችሁ? ድሮ ኩሽና ውስጥ ድስቱ ይጮሃል፣ ዘይቱ ይጮሃል፣ አብሳዩ ይጮሃል። አስተናጋጆቹ ሁሉ እዚያ ገብተው የሚጮሁ ቢሆን ሾርባ ያዘዘ ሰው ዶሮ ይደርሰው ነበር። ስለዚህ በአዳራሹና በኩሽናው መሀል አንዲት ተንሸራታች መስኮት ተደረገችና አንድ ሰው ቆመባት። አስተናጋጁ ለእሷ በጆሮዋ ይነግራታል፣ እሷ በደረቷ ታስተላልፋለች፦ «ሁለት ሾርባ፣ አንድ ዶሮ፣ ለአምስት!» አምስት የጠረጴዛው ቁጥር ነው። ከውስጥ «እሺ!» ይመለሳል። «እሺ» ያልተባለበት ትዕዛዝ እንዳልታዘዘ ነው። «እሺ» የተባለበት ደግሞ፣ ሰማይ ቢደፋ፣ ያዘዘው ሰውዬ ክንችር ብሎ ቢሞት እንኳ፣ ከመስኮቱ መውጣት አለበት።

ማታ ሁሉም ትዕዛዝ ከወጣ በኋላ ነው የመጨረሻዋ ጥሪ። እትዬ «ኩሽና ተዘጋ!» ትላለች፤ ከውስጥ ሁሉም ባንድ አፍ «ደህና እደሩ!» ይላሉ፤ እሳቱ ይጠፋል። የኩሽናው አለቃ አባ ጭልፋ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር። «የተንጠለጠለ ትዕዛዝ እያለ ኩሽና አይዘጋም» ይል ነበር፤ ድምፁ ከጎድጓዳ ድስት ውስጥ የሚወጣ ዓይነት ነው። «አንድ ሰሃን ከቀረ እሳቱ ያውቀዋል።»

እዚያ ኩሽና ታናሽ ወንድሟን ያስቀጠረችው እሷ ናት። ጎረምሳው ሌላ ሙያ አልነበረውም፤ እንቁላል መጥበስና እሺ ማለት ብቻ። ግን እንዴት ያለ እሺ! ሌሎቹ «እሺ» የሚሉት ዕዳ እንደተጨመረበት ሰው ነው። እሱ መጨረሻዋን ወደ ላይ ወርወር ያደርጋታል፣ ሳቅ ይጨምርባታል፦ «እሺዪ!» ሥራ ሳይሆን ሠርግ የታዘዘ ነው የሚመስለው። እናታቸው «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እያለች ትኮራበት ነበር፤ አባ ጭልፋ ግን «እሺታህ ከእንቁላልህ ይጣፍጣል፣ እንቁላልህን እሺ በለው» ይለው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ደንበኛ ኦምሌት አዘዘ። እትዬ ጠራች፣ «አንድ ኦምሌት፣ ለዘጠኝ!» «እሺዪ!» አለ ወንድሟ። መጥበሻውን ጣደ፣ ዘይት አለቀ፣ ከጎረቤት ምግብ ቤት ዘይት ሊበደር ሽርጡን እንዳሸረጠ በጓሮ በር ወጣ። ይኸው ነው። አልተመለሰም።

ጎረቤት ምግብ ቤት አልደረሰም። በጓሮ በርና በዚያ ቤት መካከል ያለው መንገድ አንድ ሰው አስነጥሶ የሚያልፈው ነው፤ እዚያ መሀል ጠፋ። ሆስፒታል ተፈለገ፣ ጣቢያ ተጠየቀ፣ ዘመድ ቤት ተዞረ። ወሬኛ መቼም ሥራ አይፈታም፤ «ከማዶው መጠጥ ቤት ዘፋኝ ጋር ኮብልሏል» አሉ። ዘፋኟ ግን እዚያው ነበረች፣ በየማታው እንደ እንቁራሪት ስትንቋረር። «መርከብ ላይ ተቀጥሯል» አሉ። በየትኛው ባሕር? በመጥበሻ?

የዚያን ዕለት ማታ እትዬ እንደ ወጉ «ኩሽና ተዘጋ» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም። እሺ ተብሎበት ያልወጣ ሰሃን አለ፤ ያን ቃል ካለችው ወንድሟን ውጪ አስቀርታ በሩን ቀረቀረች ማለት ነው። አባ ጭልፋ አያት አያትና በእሷ ፈንታ ራሱ ጠራ። ከዚያ ወዲህ፣ አለቃ ሲቀየር፣ ባለቤት ሲቀየር፣ ማታ ማታ ሌላ ሰው ይጠራል እንጂ ያ ቃል ከእሷ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ምክንያቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ቀርቶ ነበር፤ ሰሃን አጣቢዋ።

እንግዲህ ወደ ጠባችን እንመለስ። ግንበኛው ሊመጣ ነው፣ አዳራሹ በምሳ ሰው ጢም ብሏል፣ ማኔጀሩ አሸናፊ መስሎ ይንጎራደዳል። በዚህ መሀል መብራት እልም አለ። የአስተናጋጆቹ ስልክ መሳይ መጫወቻዎች ዓይናቸው ጠፋ፣ የጓሮው ማሽን ወረቀቱን በግማሽ ነክሶ ቀረ።

«እትዬ፣ ደንበኛችን የጥርስ ሐኪሙ አሳ ብሏል፣ ሰባት ቁጥር፤ በየት በኩል ልበለው?» አለ አንዱ አስተናጋጅ።

የእትዬ እጅ አእምሮዋን አላማከረም። መስኮቷን ሲጥጥ አደረገችና ወደ ጨለማው፣ ወደ ወንበሮቹ ክምር፣ በደረቷ ሙሉ፦ «አንድ አሳ፣ ለሰባት!»

ዓመታት ያስለመዱት አፍ ነው፤ በዚያ ሙያ ያልኖረ ሰው እንዲህ ያለ ስህተት አይሳሳትም። ኩሽና ለሌለው መስኮት ምሳ አዘዘች። ወዲያው ገባት፣ እፍረት ፊቷን አቃጠለው፣ መስኮቷን ልትዘጋ እጇን ሰነዘረች።

«እሺዪ!»

ከውስጥ ነው። ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ምድጃው ድሮ ከነበረበት። መጨረሻዋ ወደ ላይ የተወረወረች፣ ሳቅ ያለባት።

ሰሃን አጣቢዋ እጇ ላይ የነበረው ብርጭቆ መሬት ወርዶ ብትንትን አለ። አስተናጋጆቹ ተያዩ። ድምፅ በማስመሰል የምትታማ አንዲት አስተናጋጅ ነበረችና ሁሉም ወደ እሷ ዞረ፤ እሷ ግን አፏ በዳቦ ተጠቅጥቆ ለመተንፈስ እየታገለች ነበር። እትዬ የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጇ ያዘች። ወደ ውስጥ አየች፤ ወንበር ብቻ። አቧራው እንኳ አልተነካም።

መብራት ሲመጣ የጥርስ ሐኪሙን አሳ ሊያስታውስ የሮጠ አስተናጋጅ መሀል ላይ ቆመ። ሐኪሙ አፉን በናፕኪን እየጠረገ ከመቀመጫው እየተነሳ ነው። ፊቱ ያለው ጠረጴዛ ባዶ ነው፤ ሰሃን አልደረሰበትም፣ ሹካውም ከተጠቀለለበት አልወጣም።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አሳው አሁን...»

«ኧረ ግሩም አሳ ነበር!» አለ ሐኪሙ፤ ሆዱን ዳበስ፣ ጥርሱን በምላሱ ፈተሽ አድርጎ። «ለአብሳዩ አመስግኑልኝ። እንዲህ ያለ አሳ ከልጅነቴ ወዲህ አልበላሁም።» ሒሳቡን ከፍሎ፣ ጉርሻም ትቶ ወጣ።

ማኔጀሩ ይሄን ሁሉ አይቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራል፤ እሱ ግን በፊቱ ላይ ቀስ ብሎ አንድ ነገር በራ። አሳው ጓሮ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ነው፣ ሒሳቡ ደግሞ ተከፍሏል! ግንበኛው ሲሚንቶውን ተሸክሞ ሲመጣ በር ላይ ተቀበለው። «መስኮት? የምን መስኮት? መስኮት የቤት ዓይን አይደለም እንዴ? ሂድ ወንድሜ፣ ሂድ።» ከዚያ ወደ እትዬ ዞሮ፣ አፍንጫውን ለቆ፣ ማር በተቀባ ድምፅ፦ «እትዬዋ፣ ከነገ ጀምሮ ሁሉም ትዕዛዝ በአንቺ በኩል።»

ይህ ከተማ መቼም በሆዱ አዲስ ነገር አይንቅም። እትዬ ያላየችው የለም። ድንች ልትልጥ አክስቷ ስታመጣት ዘመኑ የነጭ ጠረጴዛ ልብስና የነጭ ጓንት ነበር፤ አዳራሹ ሰው ሹካ በግራ ቢላ በቀኝ ይዞ ትንሽ የሚበላበትና ብዙ የሚቀመጥበት ነበር። ቀጥሎ ጠረጴዛ ልብሱ ተገፈፈና የኩፖን ዘመን መጣ፤ ሰልፍ፣ የቆርቆሮ ሰሃን፣ አንድ ዓይነት ሾርባ። ያኔ ጥሪው ቀላል ነበር፣ «ለሁሉም!» ብሎ መገላገል ነው። ወንድሟ የጠፋው ኩፖኑ ቀርቶ እንደገና በየጠረጴዛው መታዘዝ ሲጀመር ነው። ከዚያ የዶሮ ዘመን፤ መንገዱ ዳርና ዳር መስታወት ውስጥ ዶሮ ሲሽከረከር ይውላል፣ ሰው አፉን ከፍቶ ቆሞ ያያል፣ አንዳንዱ ሲኒማ አድርጎት ቁጭ ይላል። ከዚያ የአትክልት ቦታና ባለ ቀለም አምፖል ዘመን፤ ከምግቡ ዘፈኑ ይበዛል፤ ስቴክ ያዘዘ ሰው ስቴኩ እስኪመጣ ሁለቴ ያገባል ሦስቴ ይፋታል። አሁን ደግሞ የፎቶ ዘመን፤ ፎቶው ይሞቃል፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል። ፊት ለፊት ያለው ቤት ሲከፈት «እዚያ ሂዱ»፣ ሲዘጋ «ድሮም አይረባም»። ከተማው ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይኖራል።

አዲሱ ወሬ ደግሞ ይሄ ሆነ፤ «አዝዘህ፣ ሳትበላ ጠግበህ የምትወጣበት ቤት!» መጀመሪያ ለመሳቅ መጡ። ቀጥሎ ለመሞከር። ከዚያ ሌላ ቦታ መሄድ አቆሙ።

እትዬ ፈርታ ነበር ብትሉኝ ውሸት ነው። ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሽርጧን ተኩሳ። ማንም ሳይመጣ መስኮቷን ገርበብ አድርጋ ወደ ጨለማው ታወራለች። «እናታችን ሞተች፣ ሰማህ? እስከ መጨረሻዋ 'በሩን አትዝጉት' እያለች ነበር።» ዝም። «አንተ፣ እህትህ ነኝ!» ዝም፤ ወንበሮቹ ብቻ። የሐሰት ትዕዛዝም ሞከረች፣ «አንድ ዶሮ ለማንም!» አልተመለሰላትም። የእውነት ሰው፣ የእውነት ሲርበው፣ ያኔ ብቻ ነው፦ «እሺዪ!» ስሙን አይመልስ፣ ናፍቆቷን አይመልስ፣ የሚመልሰው የሰው ምሳ ብቻ ነው። እሷም ተቀበለችው። ከምንም እሺ ይሻላል።

ነገሩ መጀመሪያ የቆጠቆጣት ሰሃን አጣቢዋን ነው። የምታጥበው ሰሃን የላትማ! እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣ ሰው ታያለች።

«እነዚህ ሰዎች እየጠገቡ ነው ወይስ እየጠወለጉ?» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የጥርስ ሐኪሙን ቀበቶ እይው። በምስማር ራሱ ነው አዲስ ቀዳዳ የበሳው።»

እትዬ አየች። እውነትም የሐኪሙ አንገት ከኮሌታው ውስጥ እንደ ዱላ ቆሟል። ሌሎቹም ጉንጫቸው ገብቶ፣ ዓይናቸው ረግቶ ተቀምጠዋል፤ አዳራሹ ጢም ብሏል ግን የሹካ ድምፅ የለም። አንዳንዱ አገጩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ባዶ አፍ ያኝካል። ዓይኑ የሚንከራተት አንድ ሰውዬ የሌለ ሰሃን በዳቦ ይጠርጋል፤ ዳቦም የለውም። ወሬ የለም፣ ክርክር የለም፣ «ጨው አነሰው» የሚል የለም። ምግብ ቤት ውስጥ «ጨው አነሰው» የሚል ሰው ከጠፋ ነገር አለ ማለት ነው።

«ደግሞ ስሚ ሲናገሩ» አለች ሰሃን አጣቢዋ።

ካሸሯ ሐኪሙን «ዶክተር፣ ዛሬ ዝርዝር የለኝም፣ ነገ ልስጥዎት?» አለችው።

«እሺዪ!» አለ ሐኪሙ። መጨረሻዋን ወደ ላይ ወርወር አድርጎ፣ ሳቅ ጨምሮባት። ከንፈሩ ግን አልሳቀም።

እትዬ ጆሮዋን ለአዳራሹ ሰጠች። ሌላው ደንበኛ፣ «ጌታዬ፣ ወንበሩን ላንሳው?» ሲባል፣ «እሺዪ!» አንዲት ሴትዮም፣ «እሺዪ!» ከየጠረጴዛው፣ በወፍራሙም በቀጭኑም ጉሮሮ፣ ያው ያንድ ሰው እሺታ።

«ያልተዘጋ ኩሽና ነው የሚያበላቸው» አለች ሰሃን አጣቢዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሌላው ቢጠራም መስኮቱ ያንቺ ነው፤ አንቺ ነሽ ያልዘጋሽው። ዝጊው፣ እህቴ።»

«አልችልም።»

«ቃል እኮ ናት።»

«የሱ ድምፅ ናት። ድጋሚ አላጠፋውም። ይሂዱና ቤታቸው ይብሉ፣ እኔ አፋቸውን አልሰፋሁት!» ብላ ጮኸችባት። ሰሃን አጣቢዋ ወደ ደረቀው ገንዳዋ ተመለሰች፤ እሷም የሚናፍቃት ሰው ያላት ሴት ናት።

እትዬ አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሱቅ ነው የምትሠራው፤ ቀኗ የገፋ፣ ነፍሰ ጡር። «ወደ ምግብ ቤቱ እንዳትመጪ፣ መንገዱ ይደክምሻል» እያለች ታርቃት ነበር። ምክንያቱን ግን አልነገረቻትም። ሰው የነገሩትን ይረሳል፣ ያልነገሩትን ደግሞ ፈልጎ ያገኛል። አንድ ቀን ቀትር ላይ ልጅቷ በዚያ በኩል ስታልፍ ራባት፣ እግሯም ዛለ፣ ገባችና ምሰሶው ጀርባ ተቀመጠች። አስተናጋጁ አላወቃትም።

«እትዬ፣ ሾርባ ለሦስት።»

እትዬ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። «አንድ ሾርባ፣ ለሦስት!»

«እሺዪ!» አለ ከውስጥ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ሰምታው አታውቅም።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት እጅ መስኮቱን ነካች። ልጇ ናት፣ አፏን በመሐረብ እየጠረገች። «እማ! እንዲህ ያለ ሾርባ እየሠራችሁ ነው ለካ አትምጪ የምትዪኝ?»

እትዬ ቤቷ የገባችው በሩጫ ነው። ድንች ቀቀለች፣ እንቁላል ጠበሰች፣ ሩዝ ጣደች፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ እንግዳ አለባት እንዴ» እስኪል። ልጅቷ ሰሃኑን ገፋ አደረገችው። «ጠግቤያለሁ።» ጠዋትም፣ «ጠግቤያለሁ።» ማታም። በሦስተኛው ቀን ፊቷ ሰም መሰለ። እትዬ ማንኪያውን ይዛ፣ እንደ ሕፃንነቷ ዘመን፦ «በይ አንቺ እንቢ በይ፣ ለሆድሽ ፍሬ ስትዪ አንዲት ጉርሻ። እሺ የኔ ልጅ?»

ልጅቷ አየቻት። ዓይኗ የእናቷን ፊት ያየ አይመስልም።

«እሺዪ!» አለች።

አጎቷን አይታው አታውቅም። ከመወለዷ በፊት ነው የጠፋው። ድምፁን ሰምታው አታውቅም። እሺ ብላም ማንኪያውን አልነካችም።

በነጋታው ቀትር ላይ እትዬ ፀጉሯን ሳትሠራ መጣች። አዳራሹ ሙሉ ነው፣ ዝም ብሏል። ማኔጀሩ አካሄዷን አይቶ ነገሩ ገባው፣ ሮጦ መስኮቱ ፊት ተገተረ።

«እት-ዬ-ዬ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልዘጋ።»

«በምሳ ሰዓት? አብደሻል? መስኮቱ እኮ የቤቱ ዓይን ነው!»

«አንተ አይደለህ ልድፈነው ያልከው?»

«ያኔማ አላወቅሁትም! እይ፣ ደሞዝሽን እጥፍ...»

ሰሃን አጣቢዋ፣ ሰሃን ቢጠፋ ወለል ስታጥብ የነበረችው፣ ከጎን መጣችና እስከ ክርኗ በሳሙና አረፋ በራሰ እጅ ማኔጀሩን ከኋላው እቅፍ አደረገችው። «ሽቶዬ! ኮቴ!» ሲል እንደ ሕፃን ከመሬት አንስታ ወደ ጎን አስቀመጠችው። ዕድሜ ልኳን ትልልቅ ድስት ስታነሳ የኖረች ሴት ናት፣ ማኔጀር ምኗ ነው።

እትዬ መስኮቷን እስከ መጨረሻው ከፈተች። ጭንቅላቷን ወደ ጨለማው አስገባች። ወንበሮቹ መካከል የጋለ ዘይት ሽታ ነበር ብላለች፤ በዚያ ሽታ ውስጥ ደግሞ የእናታቸው ቤት ሳሙና፣ ሽርጡ የሚታጠብበት። አንድ «እሺዪ» ብቻ፣ አንድ የመጨረሻ ልስማ ብላ ነበር። ግን ለዚያ የሰው ረሃብ ማስገባት ያስፈልጋል፤ የሰው ልጅ፣ ምናልባትም የራሷ ልጅ።

«የኔ ወንድም» አለች በመጀመሪያ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ደረቷን ነፋች፣ ድምፅዋ አዳራሹን መታው፦

«ኩሽና ተዘጋ!»

ከየጠረጴዛው ሁሉም ጭንቅላት ባንዴ ቀና አለ። ከውስጥ መልስ መጣ። «እሺዪ» አይደለም። «ደህና እደሩ»ም አይደለም። ሰሃን አጣቢዋ ቅርብ ነበረች፣ ድምፅ ሰማሁ ትላለች፣ ሰው እንደሚያወራ፣ ረዘም ያለ፣ ግን ቃሉን አልለየሁትም ትላለች። እትዬ ብቻ ጭንቅላቷን እያወዛወዘች አዳመጠች። ከዚያ የዘይቱም የሳሙናውም ሽታ ጠፋ፣ የቀረው አቧራ ነው።

ዝም ባለው አዳራሽ ውስጥ የጥርስ ሐኪሙ ሆድ እንደ መኪና ሞተር ተነሳ። «ራበኝ!» አለ ሐኪሙ፤ ራሱም ደነገጠ። «ኧረ ሰዎች፣ ሞትኩ፣ ራበኝ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁ። ሰው ሁሉ ባንዴ ራበው። ጓሮ የነበረው ዳቦ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ሴትየዋ የስኳር ማስቀመጫውን አፏ ላይ ገለበጠችው። ያ የሌለውን ሰሃን ይጠርግ የነበረው ሰውዬ ጥሬ ድንች ይዞ ተገኘ። ፊት ለፊት ያሉት ምግብ ቤቶች፣ ዝንብ ሲያባርሩ የከረሙት፣ በአንድ ቀትር ተጥለቀለቁ። ማኔጀሩ ሳሙናው እየተንጠባጠበ በየጎረቤቱ ዳቦ ሲለምን ታየ። «ጨው አነሰው! ጨው አነሰው እኮ!» የሚል ሰው ድምፅ ሲሰማ ሰሃን አጣቢዋ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እትዬ ያን ሁሉ አላየችም፤ ቤቷ ሄዳለች። ልጇ ምድጃው አጠገብ ቆማ ከድስቱ በእጇ እያነሳች ቀዝቃዛ ሩዝ ትበላ ነበር፤ እያኘከች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትጎርሳለች፣ ፍሬውም ከውስጥ እየረገጣት። እትዬ ሩዙን ከእጇ ነጥቃ፣ አሙቃ፣ እንደገና ሰጠቻት። ስለ ሌላ ነገር አላወሩም።

መስኮቷ በዚያው ሳምንት ተደፈነች። ግንበኛው ጡብ ሲደረድር እትዬ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ውኃ ሲያልቅበት ጆግ አቀበለችው። አሁን ግድግዳው ላይ የምግብ ፎቶ ተሰቅሎበታል፤ እሷም በጡረታ ወጥታ ቤቷ በረንዳ ላይ የልጅ ልጇን ታቅፋ ትውላለች። ሕፃኑ ሆዳም ነው፣ ጡት ሲዘገይ ሰፈር ይቀሰቅሳል። እሷ ሲያለቅስ ደስ ይላታል፤ «ይጩህ፣ ይራበው፣ መራብ ጤና ነው» ትላለች።

ይሄን ሁሉ የነገረችኝ እዚያው በረንዳ ላይ ነው፤ ግማሹን እየሳቀች፣ ማኔጀሩንም ራሷ እያስመሰለች፣ ከእኔም አስበልጣ። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ሳቁ ቆመ።

«እና ከውስጥ ምን አለሽ፣ እትዬ?» አልኳት።

ሕፃኑን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረችው። መንገዱን አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ የሰማችውን ለራሷ እየደገመች ነበር መሰለኝ፤ ፊቷ ላይም የሆነ ነገር አለፈ፣ ፍርሃት ይሁን ዕረፍት አልለየሁትም።

«መጀመሪያ ሳቀ» አለች። «ከዚያ በኋላ ደግሞ እንዲህ አለኝ...»

ዓይኗ እስክሪብቶዬ ላይ ወረደ።

«አንቺ! እየጻፍሽው ነው እንዴ? በይ አቁሚ። ለኔ ነው የተናገረው፣ ለከተማው አይደለም። አስቀምጪው አልኩሽ፤ እዚህ ላይ በቃሽ፣ አትጻፊ።»